ባንድ የሚያድግበት ቤት

ማሕሙድ አሕመድ የተገኘው ከአንድ የምሽት ክለብ ጓዳ ነው። ልጅነቱን ጫማ እየጠረገ ያሳለፈው የመርካቶ ልጅ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሪዞና ክለብ በሚባል ቤት ያገኘውን የጉልበት ሥራ እየሠራ ይኖር ነበር። ቤቱ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚያመሹበት ነበር። አንድ ምሽት ድምፃውያኑ ሳይመጡ ቀሩ። ባንዱ ተዘጋጅቷል፣ ታዳሚው ተቀምጧል፣ የሚዘፍን ግን የለም። ማሕሙድ ልሞክር ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት፤ ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች የማሕሙድን ዕድልና ድፍረት ያደንቃሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ቤቱ ነው። ዕድሉ እንዲመጣ በየምሽቱ የሚከፈት በር ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው ተሰክቶ የሚጠብቅ ባንድ፣ የጠበቀውን ዘፋኝ ባያገኝም ተነሥቶ የማይሄድ ታዳሚ፣ የቤቱን ሠራተኛ መድረክ ላይ ለማውጣት የሚደፍር አለቃ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኘው በክለብ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀጠረ ድምፃዊ ቢቀር ቀጠሮው ይዛወራል፤ ኮንሰርት ላይ ቢቀር ገንዘብ ይመለሳል። ክለብ ግን ምሽቱን መሙላት አለበት።

ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃ ስንጽፍ ድምፃውያንን እንዘረዝራለን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን እናነሣለን፣ ሸክላና ካሴት እንቆጥራለን። የተጫወቱበትን ቤት የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። እኔ የዚህ ከተማ ሙዚቃ መልኩን ያገኘው ከቤቶቹ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቶቹን ደግሞ በየዘመኑ በቀላሉ አጥተናቸዋል፤ አሁንም እያጣናቸው ነው።

ቀድሞ ነገር ሙዚቀኛው የመንግሥት ሰው ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ ሀገር ፍቅር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፤ መሣሪያውም ደመወዙም ከእነዚህ ነበር የሚመጣው። ቀን የደንብ ልብስ ለብሶ ሰልፍ ላይ ማርሽ ያሰማ ሰው ሲመሽ ወደ ክለብ ይወርዳል። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ውቤ በረሃ ነበር፤ አባቶቻችን ስሙን ሲያነሡ ዛሬም ፈገግ የሚሉበት ሰፈር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ነገሩ ሰፋ። ሂልተን ተከፈተ፤ ራስና ግዮን ሆቴሎች ባንድ ይፈልጋሉ፤ እንደ ዙላና ቬነስ ያሉ ክለቦች ወጣቱን ይስባሉ። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. መንግሥት ለሀገር ፍቅር ብቻ የሰጠውን የሸክላ ማሳተም መብት ተጋፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በ1966 ዓ.ም. አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ተቀብሎ ያስተናገደው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ሶል ኤኮስ፣ ዋሊያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ የሚባሉ፣ የደንብ ልብስ የሌላቸው ባንዶች የተፈጠሩት በዚያ ዘመን ነው።

የእነዚህ ባንዶች ኑሮ ኮንትራት ነው። አንድ ቤት ይቀጥራቸዋል፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት እዚያው ይጫወታሉ። ታዳሚው ተመላላሽ ስለሆነ ያለፈውን ሳምንት መድገም አይቻልም፤ ስለዚህ ቀን ልምምድ፣ ማታ ሥራ። በዚያ ላይ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነበር። ከቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ጣቶቹን ብቻ ይዞ ይወጣል። ዋሊያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ከዚህ ቀንበር መውጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያ ያለው ባንድ ቤት መርጦ ይገባል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ የሚጫወተውንም ራሱ ይወስናል። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» ሲወራ ይህ የገንዘብና የንብረት ጉዳይ ተረስቶ ሁሉም ለተሰጥኦ ብቻ መሰጠቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊም አብሮት መጣ።

በዚህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዓት እላፊ ሙዚቃችን ላይ ያደረሰው ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ደንበኛው ቶሎ መግባት ስላለበት ትንንሾቹ ቤቶች ተዳከሙ። ከቆሙት መካከል ትልልቆቹ ሆቴሎች ነበሩ፤ እነሱም አንድ መላ አገኙ። ሰዓቱ ሳይደርስ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሂልተን ውስጥ ዋሊያሶች የሚጫወቱለት ሰው ወደ ቤቱ መሄድ የማይችል ሰው ነበር፤ ስለዚህ ባንዱም ማቆም አይችልም። አንድ ሌሊት ሙሉ በሦስት ደቂቃ ዘፈኖች አይሞላም። ድምፃዊውም ይደክመዋል። ዜማው መለጠጥ ይጀምራል፤ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይወስዳል፤ ቤዙና ድራሙ አንድ ምት ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። መሸት ሲል ራት ለሚበሉ እንግዶችም ያለ ድምፅ የሚጫወቱት ነበር። የዋሊያሶቹ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ያለ ዘፋኝ ያወጡትን ሥራ ስሰማ ያንን አዳራሽ እሰማለሁ። የሚቸኩል የለም። ሁሉም እስኪነጋ ጊዜ አለው።

ከበሩ ውጭ የነበረውን ግን መርሳት አልችልም። ያ ዘመን ቀይ ሽብር ነው። የወጣት ሬሳ መንገድ ላይ ያድር በነበረበት ከተማ ውስጥ አንድ አዳራሽ እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። እናቴ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። የዚያን ዘመን ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስከፍት ዝም ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እኔም እቀንሰዋለሁ። ሙዚቃውን መውደዴ ያንን አይሰርዝም፤ የእሷ ሐዘንም ሙዚቃውን አያሳንሰውም። ሁለቱም የአንድ ከተማ ሌሊት ናቸው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋሊያሶች አሜሪካ ለመጫወት ሄዱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ መላከ ገብሬና ሞገስ ሀብቴ እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን ላይ ባንድ አቋቋሙና ስሙን ዙላ አሉት። ኃይሉ በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ እንደነበር በብዙ ቃለ ምልልስ ተናግሯል። በ2005 ዓ.ም. አንድ የውጭ አሳታሚ የድሮ ሥራውን እንደገና ሲያወጣለት እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ሰው ይህን እንደ ተረት ይወደዋል። እኔ የማስበው በመካከል ስላለፉት ዓመታት ነው። ያ ሰው በየምሽቱ የሚጫወትበት ቤት ቢኖረው ኖሮ ስንት ዜማ ይወጣ ነበር?

እዚህ የቀሩትም ሠሩ። ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ የካሴት ዘመኑን ተሸከመ፤ ያኔ ከሮሃ ጋር ያልሠራ ስመ ጥር ድምፃዊ ማግኘት ያስቸግራል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ተነሣ፤ ሌሊቱም ተመለሰ። ሌሊቱ ሲመለስ ግን ትልልቆቹ ባንዶች አልነበሩም። ናስ የሚነፋው ክፍል ቀረ፤ አንድ ሰው በኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ሳክስፎኑንም ያጫውት ጀመር። ለባለቤቱ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይይዝም። እኔ በዚያ ድምፅ ውስጥ አድጌአለሁ፤ ብዙ የምወዳቸው ዘፈኖችም በዚያ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ኪቦርድ ላይ የተቀረጸ ምት ከድምፃዊው ጋር አይተነፍስም፤ ይህን የምለው ሁለቱንም ሰምቼ ነው።

ያንን ክፍተት የሞሉት አዝማሪ ቤቶች ናቸው። ካዛንቺስ በየጓሮው አዝማሪ ቤት ነበረ። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ቆዳና ሰሌን፣ በርጩማ፣ ማሲንቆና ከበሮ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። መድረክ የለም። አዝማሪው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ያየህን ያህል ይዘፍንብሃል። ማይክሮፎን የሌለበት ቤት ስለነበር ቃሉ ሁሉ ይሰማል፤ የተሰማ ቃል ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

አንድ ምሽት እናቴን ይዣት ሄድኩ። ስንት ጊዜ «ልጄ፣ ሌሊት የሚዞር ሰው ምን ሥራ አለው?» ስትለኝ ኖራለች። እሷ ጎንደር ነው ያደገችው፤ አዝማሪን የምታውቀው ከሠርግና ከተዝካር ነው እንጂ ከመጠጥ ቤት አይደለም። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ለስላሳ አዘዝኩላት። አዝማሪው ከፊታችን ያለ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ለማንም ያልሸለመ ሰው አየ፤

ክራባቱን አስሮ ኪሱን የቆለፈ፣
ሰው ሁሉ ሲሸልም እሱ ብቻ አለፈ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው ተነሥቶ ብሩን ከግንባሩ ላይ ለጠፈለት፤ እሱም እየሳቀ ነው። ያን ጊዜ ከጎኔ «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ናት። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ «እሺ እማማ» አላት። እሷም ቀስ ብላ ሰጠችው፤

እንቅልፍን አላውቅም እሱም አያውቀኝም፣
ማሲንቆ እየጠራኝ እቤቴ አልገኝም።

አዝማሪው ቃል በቃል ዘፈነላት፤ ደገመላት፤ ከዚያ የራሱን ጨመረ። ሌላው ጠረጴዛም ሰጠ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ግጥሙን የት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። «እዚያው መጣልኝ» አለችኝ። እናቴ ግጥም እንደምትገጥም አላውቅም ነበር። እዚያ ቤት ባንገባ ኖሮ አላውቅም ነበር።

አዝማሪ የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚጠቀም ሰው ዛሬም አለ። ማታ የምትዘፍን ሴትን ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ስም ይሰጣታል። በዚህ ነገር ልቤ ይደማል፤ ምክንያቱም ያንን ሙያ ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው፤ የሚከፈላቸውም ታዳሚው ግንባራቸው ላይ በሚለጥፈው ነው። ሌሊት ወደ ቤቷ የምትመለስ ዘፋኝ የታክሲ ዋጋዋን ስትቆጥር ያየ ሰው ስሙን ከአፉ ይመልሰዋል።

ከካዛንቺስ ቤቶች አንዱ ፈንዲቃ ነበር። መላኩ በላይ እዚያ ቤት ውስጥ በሽልማት እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ነው ያደገው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤቱን ተረከበ። በዙሪያው ያሉት አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱ ሥዕል ማሳያ ጨመረ፣ ግጥም አስነበበ፣ የጃዝ ምሽት አዘጋጀ፣ ኢትዮከለር የሚባለውን ባንድ አቋቋመ። ፈንዲቃ ውስጥ የቀን ሠራተኛና የኤምባሲ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አይቻለሁ። ይህ ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሚሆንበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት፣ ስታዲየም፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ።

ሌላው የማልረሳው ጃዝአምባ ነው። ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ፣ ከፍ ባለ የድሮ ጣሪያ ሥር፣ ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙርና ባልደረቦቹ የከፈቱት ቤት። ግሩም በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክቱ የ1950ዎቹን ዜማ በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን ሲመልሰው፣ ማንዶሊኑን የያዘው የዘመኑ ሰው የሆነው አየለ ማሞ ነበር። ሽማግሌና ወጣት አንድ መድረክ ላይ ሆነው፣ አንዱ የኖረበትን ሌላው ሲማር ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልገልጸው አልችልም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ፤ ጃዝአምባም አብሮ ሄደ። ሆቴሉ ታድሶ ተነሥቷል። ያ መድረክ ግን እንደነበረው አልተመለሰም።

የሙዚቀኛው ዓመት ከሌላው ሰው ዓመት ይለያል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ብዙ ቤት ጸጥ ይላል፤ አዝማሪ ቤቱ ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል። ሙዚቀኛው ቤት ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል ማንም አይጠይቀውም። ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ሌሊት ሁለትና ሦስት ቤት ይዞራል፤ አንዱ ቤት ጨርሶ ሌላው ቤት ሲደርስ ባንዱ መግቢያውን እየደጋገመ ይጠብቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ነገር ግን ካሴቱም ሲዲውም ሞቶ የብዙ ተጫዋቾች የቀለብ ገንዘብ የሚመጣው አሁንም ከማታ ሥራ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የምሽት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ቁልጭ ብሎ ታየ። የማውቃቸው ተጫዋቾች መሣሪያቸውን ሸጡ። አንድ ቤዝ ተጫዋች ጊታሩን የሸጠበትን ቀን ሲነግረኝ ገዢው በደንብ ይይዘው እንደሆነ ብቻ ነበር የሚያስጨንቀው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሰው በማታ ይንሸራሸራል፤ ይህን እያየሁ አላየሁም አልልም። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ሽንት ቤት እንኳ አልነበራቸውም። ግን ያ ሰፈር ሲነሣ ለነዋሪው ምትክ ቦታ ይታሰባል፤ ለአንድ የሙያ ሰፈር ምትክ የሚያስብ የለም። አዝማሪ ቤት በአንድ ቤት ብቻ አይቆምም። አንዱ ጋ የሞላበት ደንበኛ ወደ ሚቀጥለው ይገባል፤ አንዱ ጋ የታመመውን ማሲንቆ መቺ የጎረቤቱ ቤት ሰው ይተካዋል፤ ጀማሪው ከበር ላይ ቆሞ የትልቁን ሰው አጨዋወት ይሰማል። ሠላሳ ቤት በአንድ ሰፈር መሆኑ ነበር ትምህርት ቤት ያደረገው። ለያይተን ሀያ ሁለት አንድ፣ ቦሌ አንድ፣ ሳሪስ አንድ ብናደርገው ትምህርት ቤቱ የለም።

ሆቴሎች ቦታውን እየተኩ ነው። ሙላቱ ግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ የአፍሪካ ጃዝ መንደርን ሲከፍት ብዙዎቻችን ተደስተን ነበር፤ ቦሌ ላይም የቀጥታ ሙዚቃ የሚያቀርቡ ጥሩ ቤቶች አሉ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ሙዚቀኛውም በአግባቡ ይከፈለዋል፤ ይገባዋልም። ቅሬታዬ መግቢያው ነው። አንድ ቢራ በስንት ብር እንደሚሸጥ ያወቀ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ እዚያ አይሄድም። ማሕሙድ ዛሬ ያለ ልጅ ቢሆን አሪዞናን የመሰለ ቤት ውስጥ የጉልበት ሥራ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ቢያገኝም በጥበቃ ድርጅት ተቀጥሮ ከበሩ ውጭ ነው የሚቆመው።

ስለ ጩኸትም መናገር አለብኝ። ከምሽት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ቅሬታው እውነት ነው፤ ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ፣ ማለዳ ኪዳን የሚሄድ አለ። አንዳንድ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረው ሲያስጮኹ እኔም እናደዳለሁ። የሚጮኸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲጄ ነው። ማሲንቆ ግድግዳ አያልፍም። ደንብ ሲወጣ ሁለቱን አንድ ላይ አንቆ መያዙ ነው የሚከፋኝ።

ካዛንቺስ ይጫወት የነበረ አንድ ማሲንቆ መቺ አለ፤ ወንድሜ የምለው ሰው ነው። ከፈረሳው ወዲህ ሠርግ ላይ ይሠራል። ገቢው አልቀነሰም፤ እንዲያውም አንዳንድ ወር ይሻላል። ግን ሠርግ ላይ ሰው አይነካም፤ ሙሽራ ይወደሳል፣ ቤተ ዘመድ ይወደሳል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ያልቃል። አዲስ ግጥም ከፈጠረ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ስጠይቀው መልስ ሳይሰጠኝ ማሲንቆውን መቃኘት ጀመረ። ባለፈው ሰሞን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሀያ ሁለት አካባቢ አንድ ክፍል ለመከራየት ተነጋግረው ነበር። ኪራዩን በሦስት ተካፍለው ሊችሉት ይችላሉ። የክፍሉ ባለቤት ደግ ሴት ናቸው፤ አዝማሪም ይወዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ እንዳይኖር። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ከአራት ሰዓት በፊት አዝማሪ ቤት ማን ይመጣል?» አሁንም ቤት እየፈለጉ ነው። ካዛንቺስን ታውቁ የነበራችሁ፣ ጓሮ ያለው፣ ጎረቤቱ ራቅ ያለ ክፍል የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ አደርስላቸዋለሁ።